ቢላው ይሳል እንጂ አይለቅ



እንደሚታወቀው በዓል ሲቃረብ በየቤቱ የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «ቢላው ተስሏል ወይ?» የሚለው ነው። ዶሮው የሚበለተው፣ ሽንኩርቱ የሚከተፈው፣ የቅርጫው ሥጋ የሚከፋፈለው በእሱ ነውና ጥያቄው ተገቢ ነው። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ግን መልሱ ተለውጧል። በአንዳንድ ቤቶች በኤሌክትሪክ የሚሠራ ባለ ቺንጋ መሳያ ብቅ ብሏል። እንደ ወፍጮ ቺንጋ በሁለት መዘውር ላይ የሚሽከረከር ብርጭቆ ወረቀት ማለት ነው። ቢላውን ቺንጋው ላይ አስጠግተው አንድ ሁለቴ ሳብ ሲያደርጉት ተስሎ ይወጣል። ጎረቤትም ይህን እያየ «እኔም ላስመጣ» ማለት ጀምሯል። ስለዚህ ጉዳይ ሐሳባችንን ብንገልጽ ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

በመጀመሪያ ደረጃ መሣሪያውን የምንቃወም አለመሆናችን ይታወቅልን። የዶለዶመ ቢላ ከተሳለው ይልቅ ያሠጋል። አልቆርጥ ሲል እጅ ይጫነዋል፤ ሲጫኑት ደግሞ ከሽንኩርቱ ላይ ተንሸራቶ ጣት ላይ ያርፋል። ሽንኩርቱም ቢሆን በደነዘ ቢላ ሲጨፈለቅ ዓይን የሚያቃጥለውን ነገር አብዝቶ ይለቃል። ለድግስ ሙሉ ቀን ስትከትፍ የምትውል እናት ይህን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ስለዚህ ቢላ መሳል የጓዳ ጣጣ ተብሎ የሚናቅ ሥራ አይደለም።

ነገር ግን መሣሪያው ፈጣን ነው፤ ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ነው። መሳል ማለት ብረት መቀነስ ነው። ድንጋይ በጥቂት በጥቂቱ የሚወስደውን ሻካራ ቺንጋ በአንዴ ይወስደዋል። በቺንጋው ጀርባ የሚጻፈው ቁጥር ባነሰ መጠን ሻካራነቱ ይበዛል። 80 ወይም 120 የተጻፈበት አፉ ለተሸረፈ ቢላ እንጂ በየሳምንቱ ለሚሳል አይደለም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ብረት ግን አንዴ ከፈሰሰ አይለቀምም። በየሳምንቱ ሻካራ ቺንጋ የሚጎበኘው ቢላ ከዓመት ዓመት እየጠበበ ሄዶ ከእናት ወደ ልጅ የሚተላለፈው ቀርቶ በባለቤቱ እጅ ያልቃል።

ደግሞስ ቢላ ባስቸገረ ቁጥር መሳል ያስፈልገዋል ያለው ማን ነው? ብዙ ጊዜ አፉ ታጥፎ ነው እንጂ አልቆ አይደለም። የታጠፈውን አፍ ለማቅናት ሥጋ ቆራጮች የሚይዙት ሞረድ ይበቃል፤ በሁለቱም ጎን አምስት ስድስት ጊዜ ቀስ ብሎ መሳብ ነው። ቺንጋው የሚፈለገው ሞረዱ አልሠራ ሲል ነው፤ ይኸውም ለአብዛኛው ቤት በዓመት ከጥቂት ጊዜ አይበልጥም። ከዚህም ሌላ በድንጋይ፣ በብረት ትሪና በሳህን ላይ መክተፉን ትተን እንጨት ላይ ብንከትፍ ቢላው ሳይደንዝ ረጅም ጊዜ ይቆያል።

በሁለተኛ ደረጃ የእሳቱ ነገር አለ። የቢላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በልኩ ሞቆና በልኩ ቀዝቅዞ ነው። በሚሮጥ ቺንጋ ላይ አንድ ቦታ ካቆሙት ስስ አፉ በሰከንድ ውስጥ ይግላል። ሰማያዊ ከሆነ ወደ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርሷል ማለት ነው፤ ያ ቦታ ለስልሶ ከዚያ በኋላ ስለት አይዝም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሳያቆሙ እኩል መሳብ፣ አጠገብ ውኃ ማኖር፣ ጀርባው እጅ ላይ ሞቅ ሲል ነክሮ ማድረቅ። ጫፉንም ከቺንጋው ላይ ጎትቶ ማውጣት አይገባም፤ ሹል የነበረው ይድቦለቦላል። ጫፉ የቺንጋው መካከል ሲደርስ ማንሣት ነው። ማዕዘኑ ለተራ የወጥ ቤት ቢላ በእያንዳንዱ ጎን 20 ዲግሪ ገደማ ይበቃዋል። ዳቦ መቁረጫውን ባለ ጥርስ ቢላ ግን እባካችሁ ተዉት፤ ጥርሱን ጨርሶ ሊበላው ይችላል።

ሦስተኛው ጉዳይ ማኅበሩን ይበልጥ ያሳሰበው ነው። ከነዚህ መሣሪያዎች ብዙዎቹ ከአሜሪካ ከዘመድ የሚላኩ ናቸው። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220። ትራንስፎርመር ሳያደርጉ ስፒናውን ሶኬት ላይ ቢሰኩት ሞተሩ ይቃጠላል፤ ቤትም ለእሳት ይጋለጣል። መብራት በመካከል ሲጠፋም «በቃ ጠፋ» ብሎ ትቶ መሄድ የለም። ማብሪያው ሳይጠፋ ከቀረ መብራቱ የመጣ ለት፣ ሰው በሌለበት፣ ምናልባትም ሕፃን አጠገቡ ቆሞ ሳለ ይነሣል። ስለሆነም መጀመሪያ ስፒናውን መንቀል ነው። ነጠላና ሻርፕ ለብሶ፣ ጸጉር ለቆ መጠጋት አይቻልም፤ ቺንጋው ይስበዋል። ዓይን መነጽር፣ አፍንጫ መሸፈኛ ያስፈልገዋል። የብረቱ ብናኝ ከምግብና ከሊጥ ይራቅ፤ ቢላውም ከተሳለ በኋላ ይታጠብ። ስለቱንም በአውራ ጣት አትሞክሩ፤ ወረቀት ወይም ቲማቲም መቁረጥ በቂ ነው።

አንዳንድ ወገኖች «ቢላው የኔ፣ መሣሪያው የኔ፣ ማኅበሩ ምን አገባው?» ይላሉ። እውነት ነው፤ ማንም የሰው ጓዳ ገብቶ ቢላ አይቆጥርም። ነገር ግን ግድግዳ ለግድግዳ ተያይዘን ለምንኖር ሰዎች የአንዱ ቤት እሳት የአንዱ ብቻ አይሆንም። ሌሎች ደግሞ፣ በተለይ አባቶች፣ «ኧረ ተዉን፣ እኛ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ስለን ነው ያደግነው» ይላሉ። እነሱም አልተሳሳቱም፤ ድንጋይ ትዕግሥት ላለው ሰው ዛሬም ጥሩ አድርጎ ይስላል። ዳሩ ግን ሠርግና ለቅሶ ሲመጣ በአንድ ቀን ሠላሳ አርባ ቢላ የሚስል ጉልበት ከየት ይመጣል? ለዚህ ለዚህ ቺንጋው ይሻላል።

እንግዲህ የእኛ ሐሳብ ይህ ነው። እድራችን ድንኳኑን፣ ድስቱንና አግዳሚውን በጋራ ገዝቶ በጋራ ይጠቀማል። ለአንድ ቀን ሥራ እያንዳንዱ ቤት ድንኳን አይገዛም። በዓመት ጥቂት ጊዜ ለሚያስፈልግ መሳያም አርባ ቤት አርባ ሞተር የሚገዛበት ምክንያት አይታየንም። አንድ ለ220 ቮልት የተሠራ ደህና መሣሪያ፣ ከሻካራ እስከ ለስላሳ ቺንጋው ጋር፣ በእድሩ ዕቃ ቤት ቢቀመጥ ሁላችንንም ያዳርሳል።

የሚሠራበትስ ማን ይሁን? በየሰፈሩ «ቢላ የሚሳል!» እያሉ የሚዞሩትን ሠራተኞች አንርሳቸው። ማዕዘኑን በዓይናቸው፣ ሙቀቱን በጣታቸው የሚያውቁ ባለሙያዎች ናቸው፤ እንጀራቸውም ይኸው ነው። በየቤቱ መሣሪያ በገባ ቁጥር የእነሱ ጥሪ ሰሚ ያጣል፤ ሙያውም አብሮ ይጠፋል። ከበዓል በፊት ባለው ሳምንት እድሩ ከመካከላቸው አንዱን ጠርቶ፣ በዚሁ መሣሪያ እንዲሠራ አድርጎ፣ በቢላ ሒሳብ ቢከፍለው ቢላችን በባለሙያ እጅ ይሳላል፤ ሰውየውም ሥራ አያጣም፤ ልጆቻችንም ከሞተር ይርቃሉ።

ይህ በሚቀጥለው የአባላት ስብሰባ ለውይይት እንዲቀርብ እናሳስባለን። እስከዚያው መሣሪያ ያላችሁ ቮልቱን ከጀርባው አንብቡ፤ ስትጨርሱ ስፒናውን ንቀሉ፤ ልጅ የማይደርስበት ቦታ ቆልፉት። የሌላችሁ ደግሞ ለመግዛት አትቸኩሉ። አንድ ሞረድና አንድ የእንጨት መክተፊያ ለጊዜው ይበቃችኋል።