በባለጸጋ ላይ የተጣለ ግብር በማን ጫንቃ ያርፋል

ባለጸጋን አብዝቶ ማስገበር አገርን ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል እየተባለ የሚደረገው ክርክር ዛሬም አልተቋረጠም። ይሁን እንጂ አስቀድሞ ሊመረመር የሚገባው፥ በባለጸጋው ስም በመዝገብ የተጻፈውን ግብር በእውነት የሚከፍለው ማን እንደ ሆነ ነው። ለዚህም ነገር በመካነ ሰላም አገርና በጎጃም መካከል የሚፈሰው ዐባይ ምስክር ነው።

በ1937 ዓ.ም. የወጣው የመሬት ግብር ዐዋጅ ከዐባይ ወዲህ ያለውን ወሎን በጋሻ ሥርዐት ሲያስገባ፥ ጎጃምን ከበጌምድርና ከትግሬ ጋራ ለይቶ በቀድሞው ግብር ተወው። በጋሻው ሥርዐት ለለም መሬት 15፥ ለለም ጠፍ 10፥ ለጠፍ 5 ብር ግብር ሲከፈል፥ በዐሥራት ምትክ ደግሞ 35፥ 30ና 10 ብር ይጨመር ነበር። ገንዘቡን እንዲከፍል የታዘዘው ባለመሬቱ ነው። ጭሰኛ በበዛበት አገር ግን ብዙው ባለመሬት ከጭሰኛው የእህሉን ዐሥረኛ እጅ እንደ ወትሮው እየሰፈረ፥ ለመንግሥት ቁርጡን ብር ከፍሎ የተረፈውን ለራሱ ያስቀር ነበር። እህል በተወደደ ቁጥር ትርፉ ሰፋ። እንግዲህ በባለጸጋው ላይ የወጣው ግብር ባለጸጋውን አበለጸገው ማለት ነው። የቤተ ክርስቲያን መሬት ግብር በ1935 ዓ.ም. ድንጋጌ ለቤተ ክርስቲያን ግምጃ ቤት እንዲገባ ተወስኖ ስለ ነበረ፥ ይህ ጉዳይ ለካህናትም እንግዳ አይደለም።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ዐሥራቱን ሽሮ፥ ግብሩ በገቢው መጠን ከፍ እያለ እንዲሄድ አዘዘ። ሐሳቡ ቅን ነበረ። ነገር ግን በማዶ ያለው የጎጃም ገበሬ፥ ግምት የሚጽፈው ሹም ርስቱን ሊነጥቀው የመጣ መስሎት ተነሣ፤ ደምም ፈሰሰ፤ መንግሥትም በኋላ ውዝፉን ማረ።

ዛሬ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ፥ የመካነ ሰላም ባለጸጋ ነጋዴው፥ ቤት አከራዩና ባለመኪናው ነው። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለው የገቢ ግብር ዐዋጅ ከግብር ነጻ የሆነውን የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ማድረጉ የሚመሰገን ነው። ዳሩ ግን ከመቶ 35 የሚለው የመጨረሻው ደረጃ ከ14,000 ብር በላይ ስለሚጀምር፥ ደኅና ደመወዝ ያለው ሠራተኛና ባለብዙ ሚሊዮኑ ነጋዴ በአንድ እርከን ይቆማሉ። የሠራተኛው ከእጁ ሳይደርስ ይቆረጣል፤ የነጋዴው በግምትና በደረሰኝ ክርክር ይዘገያል።

ነጋዴን ቢያስጨንቁት ገንዘቡን ይዞ ወደ ደሴ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይሄዳል የሚሉ ሰዎች ነገራቸው ከንቱ አይደለም፤ በደጋ አገር ወፍጮ የሚተክል ሰው ብዙ አይገኝም። ሆኖም የሚያስኰርፈው የግብሩ ልክ ብቻ ሳይሆን፥ ጎረቤቱ ሳይከፍል እርሱ መክፈሉ ነው። ብቻውን የሚሸጥ ነጋዴም ግብሩን በጨውና በሳሙና ዋጋ ላይ ጭኖ ለገበሬው ያሳልፈዋል። ስለዚህ የገቢዎች ሹማምንት ከመጣኙ አስቀድመው መዝገቡን ያቅኑ፤ የሚከራየው ቤት ሁሉ ይቈጠር፤ ግምቱም በምን እንደ ተሰላ ለከፋዩ በጽሑፍ ይሰጠው።