ዝቅ ያለ ክር የጥሩ ጊታር መለኪያ አይደለም

በኤሌክትሪክ ጊታር ተጫዋቾችና ጠጋኞች ዘንድ ሥር ከሰደዱ እምነቶች አንዱ፣ የክሮቹ ከፍታ ዝቅ ባለ መጠን ጊታሩ የተሻለ ይሆናል የሚለው ነው። የክር ከፍታ፣ በሙያው አጠራር «አክሽን»፣ በክሩ የታች ገጽና በፍሬቶቹ አናት መካከል ያለው ክፍተት ሲሆን፣ ፍሬቶች የሚባሉትም በጊታሩ አንገት ላይ በአግድም የተተከሉት፣ ጣት ክሩን ሲጫን የድምፁን ቅጥነትና ውፍረት የሚወስኑት የብረት ዘንጎች ናቸው። ይህ ክፍተት በሚሊሜትር ስለሚለካና ቁጥሩም ከአንዱ ተጫዋች ወደ ሌላው በቀላሉ ስለሚተላለፍ፣ ትንሹን ቁጥር የያዘ ሰው የተሻለ መሣሪያ እንዳለው፣ ያንን ቁጥር ማውጣት የቻለ ጠጋኝም ሙያውን እንዳስመሰከረ ይቆጠራል። እምነቱ ስሕተት ነው፤ ምንጩም ክር እንዴት እንደሚወዛወዝ፣ የክሮቹ ማረፊያ የሆነው ብሪጅም ምን ማድረግ እንደሚችልና ምን እንደማይችል አለማስተዋል ነው።

የተመታ ክር በሁለቱ ጫፎቹ ተይዞ በመሐሉ በስፋት ይወዛወዛል። ጣት ሳያርፍበት የተመታ ክር መሐሉ በ12ኛው ፍሬት አናት ላይ ይውላል፤ 5ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ ቀሪው ርዝመት ስለሚያጥር መሐሉ ወደ 17ኛው ይሸጋገራል፤ በጠቅላላው የሚወዛወዘው ክር መሐል ከተያዘበት ፍሬት ሁልጊዜ በ12 ፍሬት ርቆ ይገኛል። የክሩ ከፍታ እንግዲህ ለጣት ድካም ብቻ የሚታሰብ ልክ ሳይሆን ለዚህ ውዝዋዜ የሚተው ስፍራ ነው። ስፍራው ሲጠብ ክሩ ከተያዘበት ወዲያ ያሉትን ፍሬቶች እየነካ «ዝዝ» የሚል ድምፅ ያወጣል። ዝቅ ያለ ክር የሚወዱ ሰዎች ለዚህ የሚሰጡት መልስ፣ ድምፁ በአምፕሊፋየር ካልተሰማ ጉዳት የለውም የሚል ነው። መልሱ ከፊል እውነት አለው፤ ፒክአፕ፣ ማለትም ከክሮቹ ሥር ያለው ማግኔት ያለበት ጥቅል፣ የክሩን እንቅስቃሴ እንጂ የብረትን መጋጨት ድምፅ በቀጥታ ስለማይቀበል፣ ጸጥ ባለ ክፍል ጆሮን የሚረብሽ «ዝዝታ» በመድረክ ላይ ላይሰማ ይችላል። ነገር ግን ክሩ ፍሬቱን በነካ ቁጥር ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በዝዝታ መልክ ያልተሰማው ጉዳት ድምፁ ሳይቆይ በመሞቱ ይሰማል። በትዝታ ቅኝት አንድን ድምፅ ይዞ እያወዛወዘ ማቆየት የሚሻ፣ ወይም የክራርን አመታት በጊታር ለማምጣት በፒክ ጠንከር አድርጎ የሚመታ ተጫዋች፣ ለምቾቱ ሲል የተወውን ስፍራ የሚፈልገው እሱው ራሱ ነው።

በኢትዮጵያ ሙዚቃ ውስጥ ይህ ክፍተት በቁጥር ሳይሆን በጆሮ የሚመዘን መሆኑን በግልጽ የሚያሳይ መሣሪያ አለ፤ እሱም በገና ነው። በበገና ላይ ከእያንዳንዱ ክር ሥር፣ ክሩ በብርኩማው ላይ በሚያርፍበት ቦታ፣ እንዝራ የሚባል ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ይገባል፤ ክሩ ሲወዛወዝ ብርኩማውን የሚነካበትን ሁኔታ በመለወጥም የመሣሪያውን የታወቀ ነዛሪ ድምፅ ይፈጥራል። በገና ደርዳሪው ቆዳውን ጥቂት እየገፋ ወይም እየሳበ፣ ክር በክር፣ የሚፈልገው ድምፅ እስኪወጣ ያስተካክላል። በጊታር ላይ እንከን የሚባለው ንዝረት በበገና ላይ የሚፈለግ ጠባይ ነው፤ በሁለቱም ግን ክፍተቱ ትክክል መሆኑን የሚናገረው የሚወጣው ድምፅ ነው። የጊታር ጠጋኝ ይህን ሥልጣን ለመለኪያ ብረት ሙሉ በሙሉ ሲያስረክብ ጆሮው ሥራ ይፈታል።

የእምነቱ ትልቁ ጉዳት የሚያርፈው በጀማሪዎች ላይ ነው። ጀማሪ ተማሪን ጣቱን የሚያመው አብዛኛውን ጊዜ በአንገቱ መጀመሪያ አካባቢ፣ በተለይም አመልካች ጣት ስድስቱንም ክሮች በአንድነት ተጭኖ በሚይዝበት በኤፍ ኮርድ ላይ ነው፤ ቅሬታውን ሲያሰማ የሚቀበለው ምክርም «ብሪጁን ዝቅ አድርገው» የሚል ነው። ብሪጅ ክሮቹ በጊታሩ ገላ በኩል የሚያርፉበት ክፍል ሲሆን በላዩ ክሮቹን የሚሸከሙት ትንንሽ ብረቶች ሳድል ይባላሉ፤ በሌላው ጫፍ፣ አንገቱ ከጊታሩ ራስ ጋር በሚገናኝበት ስፍራ፣ ክሮቹ በቦዩ የሚያልፉበት ቁራጭ ነት ይባላል። ከነት እስከ ብሪጅ 648 ሚሊሜትር ርዝመት ባለው ጊታር ላይ የመጀመሪያው ፍሬት ከነቱ የሚርቀው 36 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ብሪጁ በ1 ሚሊሜትር ዝቅ ሲል በ12ኛው ፍሬት ላይ ግማሽ ሚሊሜትር ይቀነሳል፤ ተማሪው በሚሠቃይበት በመጀመሪያው ፍሬት ላይ ግን የሚቀነሰው 0.06 ሚሊሜትር እንኳ አይሞላም። ምክሩን የተከተለ ተማሪ ጣቱ እንደነበረው እያመመው፣ ቀድሞ ጥርት ብለው ይሰሙ የነበሩት የላይኞቹ ፍሬቶች ደግሞ ሲነዝሩ ያገኛቸዋል፤ ከዚያም ጥፋቱን በራሱ ጣት ላይ ወይም በጊታሩ ርካሽነት ላይ ይጥላል። ሕመሙ ከነቱ ቦዮች ከፍ ማለት የመጣ ከሆነ የሚታወቀው በቀላል ምርመራ ነው፤ ክሩ በ3ኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ በመጀመሪያው ፍሬት አናት ላይ የሚታየው ክፍተት ፀጉር የሚያህል መሆን ሲገባው ሰፊ ሆኖ ከተገኘ፣ መታረም ያለበት ነቱ እንጂ ብሪጁ አይደለም። ነቱ ከፍ ሲል ክሩ እስከ ፍሬቱ ድረስ ብዙ መጎተት ስላለበት ድምፁ ከቅኝቱ ይቀጥናል፤ ተማሪው የያዘው ኮርድ የሚሻክረው፣ መቃኛው ግን ትክክል የሚያሳየው በዚህ የተነሳ ነው። ብሪጅን የማይችለውን ሥራ ማሸከም ለዚህ ችግር መልስ አይሆንም።

ትንሽ ቁጥር ከአንዱ ጊታር ወደ ሌላው ተገልብጦ ሊሄድ እንደማይችል አምራቾች ራሳቸው በመመሪያቸው አስቀምጠውታል። የጊታር አንገት የፊት ገጽ ቀጥ ያለ ሰሌዳ ሳይሆን የክብ ቅስት ሲሆን፣ የክቡ ራዲየስ ባነሰ መጠን ገጹ ይበልጥ ይጎብጣል። ፌንደር 184 ሚሊሜትር ራዲየስ ላላቸው አንገቶች በ17ኛው ፍሬት ላይ ለወፍራሙ ክር 2 ሚሊሜትር፣ ለቀጭኑ 1.6 ሚሊሜትር ይመክራል፤ ከ241 እስከ 305 ሚሊሜትር ለሆኑት ለሁለቱም 1.6 ይላል፤ ለቀጭኑ ክር 1.2 የሚፈቅደው ይበልጥ ዝርግ ለሆኑት ብቻ ነው። ምክንያቱ ተጨባጭ ነው፤ በጎበጠ ገጽ ላይ ቀጭኑን ክር በጣት ወደ መሐል ገፍቶ ድምፁን ማቅጠን፣ በሙያው ቃል ቤንድ ማድረግ፣ ክሩን ከጉብታው በላይ ስለሚያሳልፈው፣ ከፍታው አነስተኛ ከሆነ ክሩ ከፊቱ ካለው ፍሬት ጋር ተጋጭቶ ድምፁ በድንገት ይታነቃል። በዝርግ አንገት ላይ የተገኘን 1.2 አንገቱ በጎበጠ አሮጌ የፌንደር ስትራቶካስተር ላይ ማስፈጸም የሚፈልግ ሰው የመሣሪያውን ቅርጽ መቃወሙ ነው።

ብሪጆቹም እርስ በርሳቸው አንድ አይደሉም። በ1954 (እ.ኤ.አ.) የወጣው ስትራቶካስተር ለስድስቱ ክሮች ስድስት ሳድሎች ስላሉት እያንዳንዱን ክር በሁለት ጥቃቅን ብሎኖች ለብቻው ከፍና ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ የመጀመሪያዎቹ ቴሌካስተሮች ግን ሦስት ሳድል ብቻ ስለነበራቸው ሁለት ክሮች አንዱን ይጋራሉ፤ በዚያው በ1954 በሌስ ፖል ከስተም ላይ የታየው የጊብሰን ቱን ኦ ማቲክ ብሪጅ ደግሞ ከፍታው የሚስተካከለው በሁለቱ ጫፎቹ ብቻ ነው። ሳድሉ ዝቅ ወይም ከፍ ሲል የክሩ መወጠር ስለሚለወጥ፣ ሳድሉን ወደ ፊትና ወደ ኋላ በማንቀሳቀስ የሚከናወነው የርዝመት እርማትም እንደገና መታየት አለበት፤ በ12ኛው ፍሬት ላይ የተያዘው ድምፅ እዚያው ጣት ለጥቂት ነክቶ ከሚወጣው ሃርሞኒክ ጋር እኩል መሆን ሲገባው፣ ቀጥኖ ከተገኘ ሳድሉ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከፍታውን አሳንሶ ይህን ሳይፈትሽ ጊታሩን የሚያስረክብ ሰው ሥራውን ገና አልጨረሰም።

ዝቅ ያለ ክር ለአንዳንድ አጨዋወቶች በእርግጥ ተገቢ ነው። በግራ እጅ ጣቶች ብቻ ድምፆችን እያገናኘ በፍጥነት የሚሄድ ተጫዋች፣ ቀኝ እጁም ቀላል ከሆነ፣ አነስተኛ ክፍተት ይበቃዋል። በተቃራኒው በብርጭቆ ወይም በብረት ቱቦ የሚጫወት ሰው ቱቦው ከፍሬቶቹ ጋር እንዳይጋጭ ክሮቹን ከፍ ያደርጋል፤ ጊታሪስቱ ስቲቪ ሬይ ቮንም በግማሽ ድምፅ ወርዶ በተቃኘ ጊታር ላይ በጣም ወፍራም ክሮችን የተጠቀመው እጁ የሚጠይቀውን ስለሚያውቅ ነው። ከእነዚህ ተጫዋቾች የአንዱን ልክ ለሌላው መስጠት ሁለቱንም መበደል ነው፤ ቁጥሩ የሚመጣው እጁ፣ ክሩና አንገቱ ከታዩ በኋላ ነው።

ከሁሉም በላይ አንገቱ ራሱ ቋሚ አይደለም። እንጨት እርጥበትን ስለሚቀበልና ስለሚለቅ፣ በአዲስ አበባ በነሐሴ የተስተካከለ ጊታር በጥር በዚያው ልክ አይገኝም፤ ወደ ዋሽንግተን ተወስዶ በማሞቂያ በደረቀ ክፍል የሚከርመውም እንዲሁ ነው። ለዚህ የተሠራው ትረስ ሮድ፣ በአንገቱ ውስጥ የተቀበረው የብረት ዘንግ፣ የጊብሰኑ ታዲየስ መክሂው በ1923 (እ.ኤ.አ.) የባለቤትነት ፈቃድ ያገኘበት ፈጠራ ነው። አንገቱ ለክሩ ውዝዋዜ ስፍራ እንዲተው ጥቂት መጉበጥ አለበት፤ ክሩ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ፍሬት ላይ ተይዞ በ8ኛው ፍሬት ላይ 0.25 ሚሊሜትር ያህል ክፍተት ይጠበቃል። አንገቱ ሳይመረመር ብሪጁን ማንሳትና ማውረድ የአንገቱን ጥፋት በብሪጁ መሸፈን ነው፤ ሽፋኑም ወቅቱ ሲለወጥ ይገለጣል።

የብሪጅ ብሎን ወደ ነበረበት ስለሚመለስ እስካሁን የተነገረው ስሕተት ሁሉ የሚታረም ነው። ትንሽ ቁጥር አሳዳጁ ግን ብሎኑ አልበቃ ሲለው ሞረድ ያነሣል፤ የነቱን ቦዮች ከልክ በላይ ያጠልቃል፣ አልፎ ተርፎም ፍሬቶቹን ይሞርዳል። ጠልቆ የተሞረደ ቦይ ባዶ ክር ሲመታ የመጀመሪያውን ፍሬት ያስነካል፤ ባለቤቱም ብሪጁን የቱንም ያህል ከፍ ቢያደርግ፣ ብሪጁ በመጀመሪያው ፍሬት ላይ የሚያመጣው ለውጥ ከላይ እንደተሰላው ኢምንት በመሆኑ አይረዳውም፤ ነቱ መሞላት ወይም መለወጥ ይኖርበታል።