የተበሳው ጠገራ ብር ዋጋው ስንት ነው?

በቶሮንቶ ፍሌሚንግደን ፓርክ ፎቆች ውስጥ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል በመሐረብ የተቋጠረ አሮጌ ገንዘብ ከሻንጣው ጥግ ያስቀመጠ አይጠፋም። አንዱ ማርትሬዛ፣ ሌላው የምኒልክ ብር፣ ሌላው ደግሞ የጃንሆይ ሃምሳ ሳንቲም ይኖረዋል። እዚህ ተወልደው ያደጉት ልጆች ግን ቋጠሮው ምን እንደሆነ አያውቁም። ባለቤቱ ያረፈ ዕለት ብሩ በግራም ተመዝኖ ይሸጣል፤ ካልሆነም ከአሮጌ ዕቃ ጋር ይጣላል። ይህ ጥፋት ሳይደርስ መላ ሊፈለግለት ይገባል።

አሮጌ ገንዘብ መሰብሰብና መመርመር የሀብታም ጨዋታ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ከገንዘብ ይልቅ የሚጠይቀው ዐይንና ትዕግሥት ነው። ለምሳሌ ጠገራ ብር በማናቸውም ጊዜ ቢታተም የሚታይበት ዓመት 1780 ነው። የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በዚያ ዓመት ሲሆን፣ ገንዘቡ ግን ከሞቷ በኋላም በዚያው ቁጥር ሲታተም ኖሯል። እ.ኤ.አ. በ1935 ኢጣልያ ኢትዮጵያን ለመውረር ስትዘጋጅ በሮም ማሳተም ጀመረች፤ ከዚያም በለንደን፣ በፓሪስና በቦምቤይ ታትሟል። አንዱን ከሌላው ለመለየት የንግሥቲቱን ጌጥ ዕንቍዎችና የንስሩን የጅራት ላባዎች በአጉሊ መነጽር መቁጠር ያስፈልጋል። የአገር ቤት ነጋዴ ይህን ሙያ ያለ መነጽር ያውቀው ነበር፤ በጌጧ ላይ ያሉት ነጥቦች ጥርት ብለው ካልታዩት አልቀበልም ይል ነበር።

የምኒልክ ብርም ብዙ ይናገራል። የአድዋ ድል ከመገኘቱ በፊት የ1887 ዓ.ም. ቁጥር ይዞ በፓሪስ ሲታተም፣ ክብደቱ እንደ ጠገራው 28 ግራም ያህል እንዲሆን ተደርጓል። እንዲያም ሆኖ ሕዝቡ የለመደውን ጠገራ ቶሎ አልተወም። በጃንሆይ ሳንቲሞች ላይ ያለው 1936 ዓ.ም. ደግሞ ለብዙ ዓመታት ሳይለወጥ ታትሟል። ከነዚህ መካከል ጠርዙ እንደ አበባ የተከረከመው የመዳብ ስሙኒ የራሱ ታሪክ አለው። በመጠኑ ከብሩ ሃምሳ ሳንቲም ጋር ስለተቀራረበ አጭበርባሪዎች ነጭ እየቀቡ እንዳያሳልፉት ሲባል ነበር ቅርጹ የተለወጠው።

የአክሱም ገንዘብ ጉዳይ ግን የተለየ ነው። ከንጉሥ እንዱቢስ ጀምሮ በወርቅ፣ በብርና በመዳብ ታትሟል፤ በንጉሥ ኢዛና ዘመንም የጨረቃው ምልክት በመስቀል ተተክቷል። ይህን ያየ ሰው መግዛት ቢያምረው አይፈረድበትም። ሆኖም ከመሬት ተቆፍሮ በድብቅ የወጣ ሳንቲም ከየት እንደተገኘ ስለማይታወቅ የታሪኩ ግማሽ ጠፍቷል። የኢትዮጵያ ሕግም፣ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992፣ ያለ ፈቃድ ቅርስ ከአገር ማውጣትን ይከለክላል። የአክሱምን ገንዘብ ማየት የፈለገ በለንደን የብሪታንያ ሙዚየም የተያዙትን በፎቶግራፍ ቢመለከት ይበቃዋል።

የፍሌሚንግደን ፓርክ ቤተሰብ ሊያተኩር የሚገባው በእጁ ባለው ላይ ነው። ለአንገት ጌጥ ተብሎ የተበሳ ወይም ጆሮ የተበየደለት ጠገራ ብር ለገበያ ሲቀርብ ነጋዴው የተበላሸ ነው ብሎ ዋጋውን ይቀንሳል። ለቤተሰቡ ግን ያ ቀዳዳ አያት በሠርጓ ቀን አንገቷ ላይ እንዳሰረችው የሚመሰክር ሊሆን ይችላል። ይህን ነጋዴም ሆነ መጽሐፍ ሊናገረው አይችልም፤ የሚያውቁት እማማና አባባ ብቻ ናቸው።

ሥራው ከባድ አይደለም። ገንዘቡን በሎሚ፣ በኮምጣጤ ወይም በአመድ መፈተግ ክልክል ይሁን፤ የጠፋ ፊደል አይመለስምና። ነጭ ወረቀት ላይ አስቀምጦ ከጎኑ ማስመሪያ ማኖር፣ ከመስኮት በጎን በሚገባ ብርሃን ፊቱን፣ ጀርባውንና ጠርዙን ፎቶ ማንሳት ይበቃል። የካሜራው መብራት ጽሑፉን ስለሚያጠፋው ባይበራ ይመረጣል። ክብደቱን በግራም መዝግቦ፣ የማን እንደነበረ፣ ከየት አገርና በምን ምክንያት እንደመጣ ከሥሩ መጻፍ ደግሞ ዋናው ነገር ነው።

ይህ ለልጆችም ጥሩ ትምህርት ነው። የኦንታሪዮ ሳይንስ ማዕከል በሰኔ 2024 (እ.ኤ.አ.) ከሰፈሩ ከተዘጋ ወዲህ፣ ልጅ አንድን ነገር አተኩሮ እያየ የሚጠይቅበት ቦታ ጠቧል። አጉሊ መነጽርና አንድ አሮጌ ብር ግን በማዕድ ቤት ጠረጴዛ ላይም ይሠራሉ። በሴንት ዴኒስ ድራይቭ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትም ቅርብ ነው።

ብሩ እንደሆነ ሌላ መቶ ዓመት ሊቆይ ይችላል። ታሪኩን የሚያውቁት ሰዎች ግን እያረጁ ናቸው። ሳይቃጠል በቅጠል እንዲሉ፣ ቋጠሮው ዛሬ ይፈታ፤ ወላጆችም ሲናገሩ ልጆች ይጻፉ።