ኮምፒዩተሩን ከመክሰሳችን በፊት

የመመረቂያ ፕሮግራም በመሥራት ላይ ካሉት ጓደኞቻችን አፍ የማይጠፋ አንድ ስሞታ አለ፤ ይኸውም «ዳታቤዙ ተኛብኝ፤ አዲስ ላፕቶፕ ካላገኘሁ ሥራዬ አያልቅም» የሚል ነው። በእኔ አስተያየት ግን ብዙውን ጊዜ የሚከሰሰው ኮምፒዩተር ንጹሕ ነው፤ ጥፋቱ ያለው ኩዌሪ ብለን በምንጽፈው ጥያቄ ላይ ነው።

ምስክር አለኝ። በፖስትግሬስ ዳታቤዝ ላይ «ኤክስፕሌን አናላይዝ» የሚለው ትእዛዝ ከጥያቄው ፊት ሲጻፍ፣ ሰርቨሩ መልሱን በየት በኩል እንደ ፈለገና በየደረጃው ስንት ሚሊሴኮንድ እንደ ፈጀበት ይዘረዝራል። የአንድ ሰው ስም ለማግኘት ትልቁን ሠንጠረዥ ከዳር እስከ ዳር የሚያነብ ከሆነ፣ የጐደለው ኢንዴክስ እንጂ ራም አይደለም። በተለይም ፖስትግሬስ ለፎሪን ኪ ዓምድ በራሱ ኢንዴክስ እንደማይሠራ ልብ ማለት ይገባል።

ይህ ከተጣራ በኋላ ወደ ሰርቨሩ ማስተካከያ እንሂድ። «ሼርድ በፈርስ» የሚባለው የራም ድርሻ አብዛኛውን ጊዜ 128 ሜጋባይት ሆኖ ይመጣል። የፖስትግሬስ መመሪያ ለዳታቤዝ ብቻ ለቆመ ሰርቨር የራሙን 25 በመቶ መነሻ እንዲሆን ይመክራል። የእኛ ላፕቶፕ ግን ብራውዘሩንም ኤዲተሩንም የሚሸከም ስለ ሆነ፣ 8 ጊጋባይት ካለው 1 ጊጋባይት ቢሰጠው ይበቃል እላለሁ።

«ኤፍሲንክን ዝጋው፤ ይፈጥናል» የሚሉም አሉ። መፍጠኑስ ይፈጥናል፤ ነገር ግን መብራት ድንገት ቢጠፋ ዳታቤዙ ሊጠገን እስከማይችል ድረስ ሊበላሽ ይችላል። ከዚህ ይልቅ «ሲንክሮነስ ኮሚት»ን መዝጋት ይሻላል፤ ቢበዛ በመጨረሻ የተመዘገበው ጥቂት ነገር ይጠፋል እንጂ የቀረው አይበላሽም። ይህም ቢሆን ለገዛ ላፕቶፓችን እንጂ የሰው መዝገብ ለተቀመጠበት ሰርቨር አይደለም።

ጓደኞቼ ሆይ! ነገሩ የላፕቶፕ ብቻ አይደለም። ዛሬ በ50 ስም ፈትነን «ፈጠነ» ያልነው ሥራ፣ ነገ በአንድ ክሊኒክ መዝገብ ቤት 100,000 ስም ይጫንበታል። ያን ጊዜ የሚጉላላው እኛ ሳንሆን ካርዱ እስኪወጣለት በሰልፍ የቆመው በሽተኛ ነው። እንግዲያስ «ጄኔሬት ሲሪስ» በሚባለው መሣሪያ 100,000 የፈጠራ መዝገብ በላፕቶፓችን ላይ እንሙላና «አናላይዝ» ብለን እንፈትነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ ቁጭ ብለን የምንታጠቅበት ጊዜ ግን አሁን ተማሪ ሳለን ነው።