ቃልና ፍቺው፤ «ቴብል»

«ቴብል» የሚባለው የእንግሊዝኛ ቃል ምግብ የሚቀርብበትን ገበታ፥ የሚጻፍበትን ጠረጴዛ፥ አኃዝ የሚሰፍርበትንም ሠንጠረዥ ያመለክታል። እስከዚህ ድረስ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው ግስ ሲሆን ነው። «ጉዳዩን ቴብል አድርጉት» ሲል እንግሊዛዊው «ለውይይት ይቅረብ» ማለቱ ነው፤ አሜሪካዊው ግን «ለጊዜው ይቆይ» ማለቱ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሁለቱ አገሮች የጦር ሹማምንት አሳባቸው አንድ ሆኖ ሳለ በዚሁ ቃል ምክንያት ብዙ እንደ ተከራከሩ፥ ቸርችል እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1950 ዓ.ም. በታተመው የጦርነት ታሪካቸው ተርከዋል።

እኔም በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርሁት የእንግሊዞቹን ፍቺ ነበርና፥ አንድ አሜሪካዊ አማካሪ ባላቸው ስለ ሞተባቸው አንዲት እናት የጡረታ አቤቱታ የጻፈውን «ይቅረብ» ብዬ ተረጐምሁት። እናቲቱ ተጠርተው ከሩቅ አገር መጡ፤ ጉዳያቸው ግን ለሌላ ጊዜ ተላልፎ ስለ ነበር ባዶ እጃቸውን ተመለሱ።

ስለዚህ አማርኛ የምትማሩ የሥራ ባልደረቦቼ፥ እንዲህ ያለ ቃል ሲያጋጥማችሁ አስቀድማችሁ የጸሐፊውን አሳብ ጠይቁ። «ይቅረብ» ወይም «ይቆይ» ብሎ ለይቶ መጻፍ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው፤ የባለጉዳይ መንገድ ግን የብዙ ቀን ነው።