ሩጫው ለመዝገቡ ይሁን

ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ውስጥ ለካንሰር መርጃ የሚሆን ሩጫ ቢዘጋጅ ገንዘቡ ምን ላይ ይዋል? የጠየቅኋቸው ሁሉ «ለሕክምና ነዋ!» ይሉኛል። አልፈርድባቸውም፤ ታሞ የተኛ ሰው እያለ ስለ ምርምር ማውራት ቅንጦት ይመስላል። እኔ ግን የመጀመሪያው ብር ለምርምር ይሁን ባይ ነኝ፤ ያውም ለምርምሩ መነሻ፣ ለካንሰር ታማሚዎች መዝገብ።

አክስቴ የእስቴ ሰው ነበረች። ጡቷ ላይ የወጣውን እባጭ በነጠላዋ ሸፍና ክረምቱን ከረመች። መጀመሪያ ጸበል፣ ቀጥሎ የባህል መድኃኒት፣ በመጨረሻ በሬ ተሽጦ ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ ከዚያ አዲስ አበባ። ዘመድ ሁሉ «ያ ክፉ በሽታ» ይል ነበር እንጂ በስሙ አይጠራውም። የሕክምና ተራዋ ሲደርስ አቅሟ አልቆ ነበር። ዛሬ ስሟ ያለው በእድሩ ደብተር ላይ ነው፤ ለቀብሯ ስንት እንደወጣ ተጽፏል፣ ምን እንደገደላት ግን አልተጻፈም።

በአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ ላይም የለችም። ይህ መዝገብ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ጀመረ። ሠራተኞቹ የመንግሥትም የግልም ሕክምና ተቋማት እየዞሩ የታማሚውን ዕድሜ፣ አድራሻ፣ የካንሰሩን ዓይነትና የታወቀበትን ጊዜ ይመዘግባሉ። ከገጠር ለሕክምና የመጣ ሰው በከተማዋ ቁጥር ውስጥ አይገባም፤ አሠራሩም ትክክል ነው፣ አለዚያ ስሌቱ ይዛባል። ባለሙያዎች የመላ አገሪቱን ሁኔታ ሲገምቱም በዚሁ መዝገብ ተመርኩዘዋል። ሴቶቻችንን ከሁሉ በላይ የጡት፣ ቀጥሎም የማሕፀን በር ካንሰር እንደሚያጠቃ የምንናገረው እንዲህ ካለ ሥራ ተነስተን ነው። ነገር ግን የስማዳ ቆላ አዲስ አበባ አይደለም። ልጃገረዶች የሚዳሩበት ዕድሜ ይለያል። እናቶች ዕድሜ ልካቸውን የሚተነፍሱት የማገዶ ጭስ ይለያል። እርጥበት የነካው እህል የሚያበቅለው ሻጋታ ጉበትን እንደሚጎዳ ይታወቃል፤ እኛ አገር ስንት ጉበት እንደጎዳ ግን ማን ቆጠረ? የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መሰጠት ጀምሯል። ክትባቱ ስንት የጋይንት ሴት እንዳተረፈ ከ20 ዓመት በኋላ ለማወቅ ዛሬ መመዝገብ ያስፈልጋል።

ለምርምር ብሎ መሮጥ ምን እንደሚያፈራ ያሳየው ካናዳዊው ቴሪ ፎክስ ነው። በአጥንት ካንሰር ቀኝ እግሩን ያጣው በ18 ዓመቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980 በሰው ሠራሽ እግር በቀን አንድ ማራቶን የሚያህል እየሮጠ በ143 ቀናት 5,373 ኪሎ ሜትር ተጓዘ። ካንሰሩ ወደ ሳንባው ተዛምቶ አስቆመው፤ በዓመቱ አረፈ። በስሙ የሚካሄደው ሩጫ ግን እስከ ዛሬ ለምርምር ገንዘብ ያሰባስባል።

ሩጫ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ደራርቱ ቱሉ እ.ኤ.አ. በ2001 ያሸነፈችበት የለንደን ማራቶን፣ ከኋላ የሚከተለው ሕዝብ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ የሚያሰባስብበት ነው። በዚያው ዓመት የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያም ለበጎ ሥራ ገንዘብ ሲያሰባስብ ኖሯል። ልጃቸውን በደም ካንሰር ያጡት አቶ ወንዱ በቀለ ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲን አቋቁመው ከክፍለ ሀገር የሚመጡ ችግረኛ ታማሚዎችን ያስጠልላሉ። ይህን ሥራ ማንም አይንካው፤ እኔ የምለው ጎን ለጎን መዝገቡም ይከፈት ነው።

ወጪው የሚያስፈራ አይደለም፤ የሠለጠኑ ጥቂት መዝጋቢዎች፣ የሞተር ሳይክል ነዳጅ፣ ናሙና ወደ ላቦራቶሪ የሚላክበት ገንዘብ። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ሐኪም የሚያሠለጥን ነውና ሥራውን ቢይዘው ያምርበታል። ውጭ አገር ያሉ የጋይንት ልጆችም ባሉበት ከተማ እየሮጡ በየኪሎ ሜትሩ የገንዘብ ቃል ማስገባት ይችላሉ።

በአካባቢያችን ባለው የጸጥታ ችግር መካከል ከነፋስ መውጫ ወደ ጨጨሆ ሕዝብ ሰብስቦ ማስሮጥ እንደሚከብድ አውቃለሁ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ታማሚው ቤቱ ይቀራል፤ ቤቱ የቀረውን ደግሞ የሆስፒታል ካርድ አያውቀውም። ስለዚህ ሩጫው ይቆይ ከተባለም ምዝገባው አይቆይ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከእድር ጸሐፊዎች ጋር ተቀምጠው በዚህ ዓመት የሞቱት ምን ታመው እንደነበር አንድ በአንድ መጠየቅ ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ይችላሉ።