ፕሬዚዳንት በማይመረጥበት ዓመትም እንውጣ

በአሌክሳንድሪያ፣ በፌርፋክስ፣ በአርሊንግተንና በፕሪንስ ዊሊያም የምትኖሩ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር ያንገበግበኛል። የፕሬዚዳንት ምርጫ ሲደርስ ቡና ቤቱም፣ ታክሲ ተራውም፣ የቤተ ክርስቲያኑ ግቢም ሌላ ወሬ የለውም። ሰልፉ ላይም አንጠፋም። በማግስቱ ግን ጉዳዩን እንዘጋና አራት ዓመት ድምፃችን አይሰማም። ቨርጂኒያ ውስጥ ግን በየዓመቱ ምርጫ አለ። የዋሽንግተኑ ኮንግሬስ በ2024 እና በ2026 ሲመረጥ፣ ሪችመንድ ያለው የግዛቱ ምክር ቤትና ብዙዎቹ የካውንቲ ወንበሮች ተራቸው ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት፣ እንደ 2023 እና 2027 ባሉት ነው።

የመኪና ታክሱ ደብዳቤ ሲመጣ የማያማርር ማን አለ? ያን ምጣኔ የሚቆርጠው የካውንቲው ቦርድ ወይም የከተማው ምክር ቤት ነው፤ ፕሬዚዳንቱ እጁ የለበትም። የልጆቻችንን ትምህርት ቤት የሚመራው ቦርድ፣ ልጅ ሲያጠፋ ይከሰስ አይከሰስ የሚለው ዐቃቤ ሕግ፣ ሸሪፉም ጭምር የሚመረጡት በድምፅ ነው። እነዚህ ሰዎች ማን ወጥቶ ድምፅ እንደሰጠ ያውቃሉ። ማን እንዳልመጣም ያውቃሉ።

«የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?» የሚል ካለ፣ የኒውፖርት ኒውስን ይስማ። በ2017 ለሪችመንድ ምክር ቤት ሼሊ ሲመንድስና ዴቪድ ያንሲ ተወዳደሩ። ድምፁ እንደገና ሲቆጠር ሲመንድስ በአንድ ድምፅ መሩ። በማግስቱ ዳኞች ሁለት ክብ የጠቆረበትን አንድ ወረቀት ለያንሲ ቆጠሩት፤ 11,608 ለ11,608 እኩል ወጡ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 የሁለቱ ስም በፊልም ማስቀመጫ ቆርቆሮዎች ተከትቶ የሸክላ ሳህን ውስጥ ገባ፤ ዕጣ ተወጣ፤ ያንሲ አሸነፉ። የመቶ ሰው ምክር ቤት በሁለቱ ፓርቲዎች መካከል 51 ለ49 ተከፈለ። ያ ምክር ቤት በዚያው ዓመት ሜዲኬይድን ለማስፋት ወሰነ፤ ከጃንዋሪ 2019 ጀምሮ ኢንሹራንስ ያልነበራቸው ስንትና ስንት ቤተሰቦች መታከሚያ አገኙ። ይህን ያህል ነገር የሚወስን ምክር ቤት ነው በዕጣ የተከፈለው። በዚያች ከተማ ደክሞኝ ነው ብሎ ቤቱ የቀረ አንድ ሰው ብቻ ቢወጣ ዕጣ አያስፈልግም ነበር።

አኒ ሃርፐርንም እናስታውስ። ሰው ቤት ሠርተው ጡረታ የወጡ የፌርፋክስ ጥቁር እናት ነበሩ። በቨርጂኒያ ለመምረጥ በዓመት 1.50 ዶላር ግብር ይከፈል ነበርና እሳቸው ፍርድ ቤት ሄዱ፤ በ1966 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ግብሩን ሻረው። የፌደራሉ ምርጫ ግብር ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድሞ ቀርቷል። ታዲያ እኚህ እናት የተሟገቱት ለግዛቱ ምርጫ ነው፤ እኛ ዛሬ ንቀን ለምንተወው!

ከሁሉ የሚብሰኝ ጁንን መዝለላችን ነው። በሰሜን ቨርጂኒያ ብዙ ወንበር የሚያልቀው በጁን ቅድመ ምርጫ ነው፤ ኖቬምበር ሲደርስ ነገሩ አብቅቶለታል። እዚህ ግዛት መራጭ በፓርቲ አይመዘገብም። ሁለቱም ፓርቲ ቅድመ ምርጫ ቢያደርግ የአንዱን ወረቀት መርጠን እንወስዳለን። በሌሊት ፈረቃ የምትሠሩ፣ ዳላስ ኤርፖርት የምትውሉ፣ ምርጫው 45 ቀን ቀድሞ ስለሚጀመር በዕረፍት ቀናችሁ መጨረስ ትችላላችሁ፤ ለምን ቀደማችሁ የሚል የለም።

እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግራቸው እናቶችና አባቶች ልጅም ሆነ ጎረቤት፣ የሚያምኑትን ሰው ይዘው ይግቡ። የፌደራል ሕግ ይፈቅድላቸዋል፤ አሠሪያቸው ወይም የሠራተኛ ማኅበራቸው ሰው ብቻ አይሁን። አንድ ፎርም ይፈረማል፣ ከዚያ ረዳቱ መራጩ ያሉትን ክብ ያጠቁራል፤ የራሱን አይደለም። ግሪን ካርድ ያላችሁ ግን አደራ፣ ዲኤምቪ ሲጠይቃችሁ «ዜጋ አይደለሁም» በሉ፤ መመዝገብም መምረጥም ዜግነታችሁን ያሰናክላል። እናትን ምርጫ ጣቢያ ለማድረስ ግን ዜጋ መሆን አያስፈልግም። መኪናችሁን አስነሡ!

የዕድር ሊቀመናብርት፣ ለቅሶ ሲደርስ ሌሊቱን ደዋውላችሁ አዳራሽ የምትሞሉ እናንተ ናችሁ። ካህናትና ኢማሞች፣ የማንንም ዕጩ ስም ሳትጠሩ ቀኑን ብቻ ለምእመኑ አስታውቁ። ዜጋ የሆናችሁ ወጣቶች፣ ለምርጫ አስፈጻሚነት ተመዝገቡ፤ አንድ አዛውንት በር ላይ «ጤና ይስጥልኝ» የሚላቸው ሰው ሲያገኙ በሚቀጥለው ምርጫ ጎረቤታቸውን ይዘው ይመጣሉ።

በዚህ ሳምንት የዕድራችሁን አባላት ዝርዝር አውጡና ደውሉ። ማን ተመዝግቧል፣ ማን ቤት ቀይሮ አድራሻውን አላስተካከለም፣ ማን መኪና ይፈልጋል? ጻፉት፤ ለእያንዳንዱም ስም የሚወስደውን ሰው አጠገቡ ጻፉ።